የቃጫ ቋጠሮ በናይሎን ገመድ

አርብ ጠዋት ሲመጣ እጄን ያልበኛል። ሰባውን ያለፈ፣ ጡረታ የወጣ፣ ከፊት ሁለት ጥርስ የጎደለው ሰው ልጆች ተከትሎ ጫካ ሊወርድ ነው ብሎ እንደ ተፈታኝ ተማሪ ሽንት ቤት ይመላለሳል ብትሉኝ ድሮ በሳቅ እሞት ነበር። አሁን የምመላለሰው እኔው ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በእኔ ጉራ ነው። ሴቻ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤቴ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ልጆቹን በየሳምንቱ አርብ ከከተማው ሥር ወዳለው ጫካ እያወረደ ያስተምራል። ዛፍ ይለያሉ፣ ከቀርከሃ ጎጆ ይሠራሉ፣ የጅረቱን ውሃ በእንጨት ይለካሉ። አንድ ቀን በአጥሬ በኩል ሲያልፉ የተሸከሙት ቀርከሃ ከእስሩ ተፈትቶ መንገድ ላይ ተበተነ። መምህርታቸው ከሰሜን መጥታ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ እዚሁም የቀረች ወጣት ናት። ጎንበስ ብላ ስትለቅም ደረስኩ።

"ማነው ይህን እንደ ጫማ ክር ያሰረው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ዝም ይል ነበር። እኔ ግን ቁጭ ብዬ እያሰርኩላት ወሬዬን ቀጠልኩ። ደጋው ላይ፣ ገረሴ መወለዴን፣ አጥሩም ቤቱም በቃጫ ሲታሰር እያየሁ ማደጌን፣ ከዚያም ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል በሲባጎ ሳስር መኖሬን ነገርኳት። እኔ ያሰርኩት ነገር በራሱ ተፈትቶ አያውቅም ብዬም ጨመርኩበት። ይህችን ባልጨምር ምን ነበረበት? ፋይል እንደሆነ ወዴት ይሄዳል? ማን ጎትቶት ያውቃል?

በሳምንቱ የቋጠሮ አስተማሪ ሆንኩ።

ከገረሴ ገበያ ቃጫ አስመጣሁ። ከእንሰት የሚፋቅ ክር ነው፤ ሲገመድ ሻካራ ይሆናል፣ መዳፍ ይቧጭራል። ያስተማርኳቸው አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የማውቀውም እሱኑ ነው። ሁለቴ ታዞረዋለህ፣ በራሱ ሥር ታስገባዋለህ፣ ታጠብቀዋለህ። ሚስጥሩ ግን ውሃው ላይ ነው። ቃጫ ከመታሰሩ በፊት ውሃ ይነካል፤ ሲደርቅ ይሰበሰብና ራሱን ይነክሳል። ከዚያ ወዲያ መፍቻው ቢላ ነው። "ጠምቶታል፣ አጠጡት!" እላቸዋለሁ፤ እየተጋፉ ጅረቱ ውስጥ ይነክሩታል።

ቀልዴም ብዙ ነበር። የገዛ እግሬን ከዛፍ ጋር አስሬ፣ "አዞ መጣ! ፍቱኝ!" ብዬ እጮሃለሁ። አዞው ያለው ከታች ሐይቁ ውስጥ፣ እኛ ያለነው ዳገቱ ላይ። ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። በየሳምንቱ አንዴ በአዞ ሳልበላ ወደ ቤቴ አልመለስም ነበር።

ነገሩ የደረሰበት አርብ ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ወደ ጅረቱ የሚያወርደው ቁልቁለት ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ በአንድ ጎኑ ደግሞ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ የሆነ የድንጋይ ገደል አለው። ልጆቹ የሚወርዱት ከላይ ባለ ሾላ ግንድ ላይ የታሰረ ገመድ በእጃቸው ይዘው ነው። ትምህርት ቤቱ በዚያ ሰሞን አዲስ ሰማያዊ ናይሎን ገዝቶ ነበር፤ ቀላል፣ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ። መምህርቷ የመጀመሪያዎቹን ልጆች ይዛ ቀድማ ልትወርድ ስትል፣ "አባባ፣ የላዩን እስር እርስዎ ይዩልኝ፤ እኔ ከታች እቀበላለሁ" አለችኝ።

ሁለት ልጆች እኔ ባስተማርኳቸው መንገድ አሰሩት። በአንድ እጄ አንዴ ሳብ አደረግሁና "ጎበዞች!" አልኩ። ምርመራዬ ይህችው ነበረች።

አንዲት ልጅ አለች፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ናት፣ ሁልጊዜም ጥያቄ አላት።

"አባባ፣ ውሃ አላጠጣነውም እኮ።"

"ይሄ ናይሎን ነው የኔ ልጅ። ጾም ይዟል፣ አይጠጣም።"

ሌሎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ገመዱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ተራዋን ጠብቃ ወረደች።

መምህርቷና መጀመሪያ የወረዱት ልጆች ጅረቱ ዳር ደርሰዋል። ገመዱ ላይ የቀሩት አራት ናቸው፣ የመጨረሻዋ ያቺው ጠያቂ ልጅ። እኔ ሾላው ሥር ቆሜ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኔ ቋጠሮው ላይ አረፈ። ሲታሰር የተረፈው ጭራ አንድ ክንድ ያህል ነበር። አሁን አንድ ጣት ሆኗል። እያየሁት አጠረ። ከታች አንድ ልጅ እግሩን ባነሳ ቁጥር ናይሎኑ በራሱ ሥር እንደ ዓሣ ሙልጭ፣ ሙልጭ ይላል። የሚያጠብቀው ውሃ የለም፣ የሚነክስ ሻካራ ነገር የለው።

ያኔ መጀመሪያ ምን አሰብኩ? ልጆቹን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ያሰብኩት ግን፣ "መምህርቷ ከታች ሆና አይታው ይሆን?" ብዬ ነው። ሰባ ዓመት ኖሬ ያጠራቀምኩት ልብ ይሄው ነው።

ከዚያ ጭራውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮ ቢሆን ግንዱ ላይ አዙሬ እይዘው ነበር፤ ለመዞር ግን መልቀቅ ሊኖርብኝ ነው። እግሬን ከሾላው ሥር ጋር ገጥሜ ጮህኩ።

"ተቀመጡ! ገመዱን ልቀቁ! ቁጭ በሉ!"

"አዞው መጣ እንዴ አባባ?" አለ አንዱ። ሳቁ። ሌላው፣ "ዛሬ በየት በኩል በላዎት?" አለና ለመቀለድ ገመዱን ወደ ራሱ ይነቀንቀው ጀመር። እያንዳንዷ ንቅነቃ መዳፌ ውስጥ ትገባለች። ጭራው ከቋጠሮው ወጣ። አሁን አራት ልጆችንና ገደሉን የሚለያየው የእኔ እጅ ብቻ ሆነ። በዚያ እጅ ላይ እኔም እምነት አልነበረኝም።

እንደገና ስጮህ የወጣው አማርኛ አልነበረም። ጋሞኛ ነበር፤ እናቴ እሳት ዳር ስደርስ ትጮህብኝ የነበረውን ነው የጮህኩት። ከልጆቹ ጋር በጋሞኛ አውርቼ አላውቅም። ሦስቱ ደግሞ ቋንቋውን አይሰሙም፤ እዚህ ከየአገሩ ለሥራ የመጣ ሰው ልጅ ብዙ ነው። እሷ ግን ትሰማለች። ቀና ብላ ፊቴን አየች፣ ወዲያው ገመዱን ለቃ ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና አንድ ሥር ጨበጠች።

"የምሩን ነው! ልቀቁ! የምሩን ነው!" ብላ ጮኸች።

ሁለቱ ለቀቁ። የሚነቀንቀው ልጅ ደነገጠና ጭራሽ አጥብቆ ያዘው፤ እግሩም ከዳው። ክብደቱ በሙሉ እጄ ላይ መጣ። ናይሎኑ መዳፌን እያቃጠለ አንድ ክንድ ወሰደ፣ ሁለት ክንድ ወሰደ፣ ድንገት ቀለለኝ። በእኔና በእሱ መካከል ቁጥቋጦ ነበር። ለቆት ይሁን ወድቆ አላየሁም። ገመዱ ባዶውን እጄ ላይ ተንጠልጥሏል። ያቺ ጊዜ ምን ያህል እንደነበረች አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ግን አልጨረስኳትም።

"ይዤዋለሁ አባባ!" አለች ያቺ ልጅ። በሸሚዙ ኮሌታ ይዛው ነበር።

መምህርቷ በአራት እግሯ እየዳኸች መጣችና ልጆቹን አንድ በአንድ ሥር እያስያዘች አወጣቻቸው። ከተቧጨረ ክርን በቀር ምንም አልሆኑም። ሁሉም ሾላው ሥር ከተሰበሰቡ በኋላ ገመዱን አነሳች።

"ማነው ያሰረው?"

ቋጠሮውን ያሰሩት ሁለቱ ልጆች አንድ እርምጃ ወጣ አሉ። "እኛ ነን" አለ አንደኛው፣ እንባው ቀደመው። መምህርቷ አየችኝ። ዝም ብል ያልፍ ነበር፤ እኔ አዛውንት፣ እነሱ ልጆች።

"በደንብ አስረዋል" አልኩ። "ያስተማርኳቸውን ነው ያሰሩት። እኔ የማውቀው ቃጫ ነው፤ ናይሎን አላውቅም። አላውቅም ማለት ከበደኝ። ይቺ ልጅ ጠይቃኝ ነበር፣ ቀለድኩባት።"

መምህርቷ ገመዱን ጠቀለለችው። "ለወላጆች መንገር አለብኝ፣ አባባ" አለች።

"ለዚህች ልጅ እናት እኔ ልንገር።"

እናትየዋ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያለ ቀልድ ያወራሁት ረጅሙ ወሬዬ እሱ ሳይሆን አይቀርም። የተላጠ መዳፌን ገልብጣ አየችው። "ጌታ ጠበቃቸው" አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ "አርብም እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። ፈቃድ ይሁን ማስጠንቀቂያ አልገባኝም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም።

ሳምንቱን ሙሉ መምህርቷ ያሳየችኝን የናይሎን ቋጠሮ አልጋው እግር ላይ ለማሰር ስታገል ከረምኩ። ባለቤቴ፣ "አንተ ሽማግሌ፣ አልጋው ሊጠፋብህ ነው?" ትለኛለች። ሦስት ጊዜ ይሳካልኛል፣ በአራተኛው መንገዱ ይጠፋኛል።

አርብ ሾላው ሥር ደረስን። መምህርቷ ዛሬ ቁልቁለት የለም ብላለች፤ ሜዳው ላይ ነው። አሰርኩ። ጭራውን ረጅም ተውኩ። ያቺ ልጅ መጣች፣ ገመዱን ወገቧ ላይ አዞረች፣ ሁለት እግሯን ግንዱ ላይ ገጥማ ወደ ኋላ ተኛችበት። ሌሎቹ ከበው ያያሉ። እኔ የማየው ጭራውን ብቻ ነው። የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ወይም ዓይኔ ነው።

ተነሳች፣ ጎንበስ ብላ ጭራውን በጣቷ ለካች።

"እንደገና፣ አባባ" አለች።

ፈታሁት።