ጨው የበዛበት መልአክ

የባለቤቴ ታላቅ እህት ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ነገሌ ቦረና የመጣችው ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሁለት ሻንጣ ይዛ ነበር። በአንዱ ልብሷ፤ በሌላው ጥጥ፣ ባለቀለም ወረቀት፣ ብልጭልጭ፣ ሙጫና ሶፍቱ አልቆ የቀረ ካርቶን። አዎ፣ ሶፍቱ ያለቀ ካርቶን! ሰው ያን ሁሉ መንገድ ሶፍቱን ትቶ ውስጡን ተሸክሞ ሲመጣ ያን ቀን አየሁ። «እናንተ ጋ አይገኝም ብዬ ነው» አለችኝ። ከሞያሌ በኩል ፍራሹም ቴሌቪዥኑም ተጭኖ በሚያልፍበት አገር የሶፍት ካርቶን ቸገረን እንግዲህ።

መናኸሪያ ተቀብያት «እትዬ፣ አንቱ አይድከሙ፣ ሻንጣውን ለእኔ ይስጡኝ» ብላት ፊቷ ተቀየረ። «አንቱ አትበይኝ እባክሽ፣ አሮጊት አደረግሽኝ» አለች። እኛ አገር አንቱታ ክብር ነው። ከዚያ በኋላ ሆነ ብዬ አበዛሁት።

የመጣችበት ዋና ጉዳይ ገና አልነበረም፤ ልጄ ነበረች። ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ አፏን ግን አልፈታችም። ሁሉን ትሰማለች፤ ጫማ አምጪ ስትባል ታመጣለች፣ ስትቆጣ እግሯን ትመታለች። ቃል ግን የለም። የባለቤቴ ዘመዶች በስልክ ተመካክረው በሽታዋን አወቁት፦ ሁለት ቋንቋ ምላሷን አሰራት። ቤት ውስጥ አማርኛ እናወራለን። እኔ ሳስተምር የምትውለው ደግሞ ጎረቤታችን ባለሱቋ እናት ዘንድ ነው፤ መንደሩ በሙሉ «አዮ» ነው የሚላቸው፣ እናት ማለት ነው። አዮ ሙስሊም ናቸው፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል። እንግዲህ ጥፋተኛዋ ተገኘች።

መድኃኒቱም ታዟል። ገና ሲያልፍ እትዬ ልጄን አዲስ አበባ ወስዳ ለአንድ ዓመት እሷ ዘንድ ታስቀምጣታለች፣ ደህና መዋዕለ ሕፃናት ታስገባታለች። ያ የካርቶን ሻንጣ ሲመለስ የልጄን ልብስ ይይዛል ማለት ነው። ባለቤቴ በሌላው ነገር ወንድ ነው፤ እህቱ ፊት ሲቀርብ ግን «እሺ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም፤ እንዲያውም አፉን ያልፈታው እሱ ነው። ማታ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አለኝ፣ ቀድሞ ተስማምቶ። ተናደድኩ። ከንዴቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ ይብስ ነበር። ልክ ብትሆንስ? እኔ ማን ነኝና ልጄን ዲዳ አድርጌ የማስቀር?

እስከ ገና ድረስ እቤታችን ኦሮምኛ ታገደ። በማግስቱ አዮ እንደ ልማዳቸው በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ልጄን «ናጋ? ኢንታላ ኮ!» አሏት፤ ሰላም ነሽ ወይ ልጄ ማለታቸው ነው። እትዬ ጣቷን ቀስራ «እማማ፣ ለጊዜው አያናግሯት» አለች። አዮ አንዴ እኔን አዩኝ። «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ገቡ። ከዚያ በኋላ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ልጄን በዓይናቸው ብቻ ይሸኟታል። ልጄም እጇን ዘርግታ አጥሩ ሥር ትቆማለች። ይህን እያየሁ ምሳ አቀርባለሁ ለእንግዳዬ።

የሕክምናው ስም ደግሞ «ድክ ድክ ለሚሉ ልጆች ቀላል የገና ሥራዎች» ይባላል። እትዬ ስልኳ ላይ አንዲት ፈረንጅ አለች፤ ጠረጴዛዋ የጸዳ፣ ልጇ የጸዳ፣ ጥርሷ የጸዳ። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅባት። መጀመሪያ የበረዶ ሰውዬ ተሠራ። ታኅሣሥ ነው፤ ነፋሱ ቀዩን አቧራ እየዛቀ ዓይናችን ውስጥ ይጨምራል፣ ከብቱ ውሃ ፍለጋ ዱብሉቅ ጉድጓድ ድረስ ይነዳል፣ እኛ እልፍኝ ተቀምጠን በጥጥ በረዶ እናድበለብላለን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። ልጄ ጥጡን አፍንጫዋ ውስጥ ከተተችው።

ቀጥሎ መልአክ። የሶፍቱ ካርቶን አካሉ ሆነ፣ ወረቀቱ ክንፉ። ልጄ ዓይኑን እግሩ ላይ ለጠፈችው፤ እትዬ ነቅላ ወደ ፊቱ መለሰችው። ልጄ ክንፉን ሆዱ ላይ አደረገችው፤ እትዬ ነቅላ ወደ ጀርባው መለሰችው። «ሚጣዬ፣ መልአክ በይ! መ... ል... አክ!» ልጄ አፏን አፏን ታያታለች፣ ዝም። በመጨረሻ ሥራው ሁሉ የእትዬ ሆነ፤ የልጄ ድርሻ ወረቀት ማቀበል። ከዚያ የልጄ እጅ እንዲታይ አድርጋ ፎቶ ታነሳና «ሚጣ የሠራችው» ብላ ለዘመድ ሁሉ ትልካለች። ዘመድም ያደንቃል።

ይዛው የመጣችው ሙጫ በቆላው ሙቀት ደርቆ ስለነበር የስልኳ ፈረንጅ ሌላ ዘዴ አሳየቻት። ዱቄት በውሃ አማሰለች፤ ቀጥላ ጨው በእፍኟ ዘግና ጨመረችበት። «እትዬ፣ ጨው ለምን?» አልኩ። «እንዳይበላሽ ነው፣ አንቺ አታውቂውም።» አላውቀውም! ቦረና ለከብቱ ጨው ፍለጋ የት ድረስ እንደሚሄድ እያየሁ አደግሁ፤ የዚህ አገር ፍየል ካርቶኑን ያለ ጨውም ቢሆን አይምረውም። ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት። «አንቱ ያውቃሉ» አልኳት።

በገና ዋዜማ ባለቤቴ የግራር ቅርንጫፍ ቆርጦ በረንዳው ላይ ተከለ፤ ለፎቶ ብርሃን ያስፈልጋል ተብሎ። መላእክቱ፣ ኮከቡ፣ የበረዶው ሰውዬ ሁሉ ተሰቀሉ። እትዬ ቀሚሷን ልትቀይር ገባች። በአጥሩ ቀዳዳ የአዮ ነጭ ፍየል ገባች። ልጄና ይህች ፍየል የቆየ ወዳጅነት አላቸው፤ አብረው ነው የሚውሉት። ፍየሏ አሸተተች፣ ላሰች፣ የበረዶውን ሰውዬ ከነጥጡ ዋጠች። እኔ ከኩሽናው በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ልከልክል አልኩ? አላልኩም።

እትዬ በሐበሻ ቀሚሷ እየጮኸች ወጣች። «ኧረ በለው! ኧረ ፍየል!» ባለቤቴ ዱላ ፈልጎ አነሳ። ያን ጊዜ ልጄ ተንጠራርታ ትልቁን መልአክ ከቅርንጫፉ አወረደች። በሁለት እጇ ይዛ ለፍየሏ ዘረጋችላትና፣

«ኛዱ» አለች።

«ኛዱ፣ ኛዱ» አለች ደግማ፣ ቀስ ብላ፣ እያባበለች። ድምፁን አወቅሁት። አዮ ቀትር ላይ ምሳዋን ፊቷ አቅርበው ሲያጎርሷት የሚያወጡት ድምፅ ነው።

«ምን አለች?» አለች እትዬ።

«ብዪ አለቻት» አለ ባለቤቴ። ዱላው ከእጁ ወድቋል።

«ተናገረች?»

«ተናገረች።»

ኩሽናው በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከአጥሩ ወዲያ የአዮ እልልታ ተሰማ፤ ለካስ እሳቸውም እያዩ ኖሯል።

ፍየሏ አንዱን ክንፍ ከጨረሰች በኋላ ልጄ የቀረውን መልአክ አንስታ ወደ አክስቷ ሄደች። የተነከሰውን ካርቶን ወደ ላይ ዘርግታ «ኛዱ» አለቻት። አሁን ታርማታለች ብዬ ጠበቅሁ። «እንኪ በይ፣ ሚጣዬ» ትላለች፤ እኔም መልሴን አዘጋጅቻለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀምኩት ስድብ ነው፣ አንቱታው ያለቀበት።

እትዬ በአዲሱ ቀሚሷ አቧራው ላይ ተንበረከከች። አፏን ከፈተች። ልጄ አጎረሰቻት፤ እሷም ከክንፉ ጫፍ ገምጣ አኘከች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ልጅ እንደሌላት አውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን አየሁት።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

ገና አልፎ አዲስ አበባ የሄደችው ብቻዋን ነው። ከመሄዷ በፊት አጥሩ ጋ ቆማ «እማማ፣ ያናግሯት» አለቻቸው ለአዮ። አማርኛው በኋላ ጊዜውን ጠብቆ መጣ፣ አሁንማ ማን ያስቆማታል። ያን ባዶ ሻንጣ መናኸሪያ ድረስ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። ከሱ የቀለለ ነገር ተሸክሜ አላውቅም።