ኪቦርዱ ቀስ ሲል

ሽማግሌው ለከዋክብት ትርኢቱ የጂንካው አዳራሽ የደረሱት ገና ወንበር ሳይደረደር ነው። የጫማቸውን ጭቃ በር ላይ በእንጨት ፍቀው ገቡ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ባርኔጣቸውን አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ «ሰው አለው» ይላሉ። የሚጠብቁት ሰው ግን አልመጣም።

የፊዚክስ መምህሩ ኤልያስ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ጋርዶ የከዋክብቱን ምስል ግድግዳው ላይ ለቀቀ። ከሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ለምኖ ያመጣው ኪቦርድ ተጫዋችም ለስለስ ያለ ዜማ ጀመረ። ሳተርን ከነቀለበቷ ብቅ ስትል ሰዉ «ወይ ጉድ» አለ። ሽማግሌው ግን አንገታቸውን ደፍተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ኤልያስ ተናደደ፤ ስንት የለፋበት ነገር ነው።

«አባባ፣» አለ በማይኩ፣ «ለእንቅልፉ ቤት አይሻልም?»

አዳራሹ ሳቀ። ሽማግሌው ብድግ አሉ።

«እንቅልፍ አይደለም፣ ልጄ። እኛ ጸሎት ቤት ኪቦርዱ እንዲህ ቀስ ሲል ዓይን ተጨፍኖ ይጸለያል። ጸሎት መስሎኝ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ኤልያስ ፊቱን የሚያዞርበት ጠፋው። እሱም በዚያው ዜማ ዓይኑን እየጨፈነ ያደገ ልጅ ነው።

ሽማግሌው አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን ከባዶው ወንበር አንስተው ደረታቸው ላይ ያዙ። የሚያዩት ግን ግድግዳውን ሳይሆን ኤልያስን ነው።

«አሁን ማየት ይፈቀዳል?» አሉት።