ሥሩ በየት በኩል ነበር?

ታላቅ ወንድሜ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ሥራቸው አናጢነት ነበር። ሳንቃ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሥሩ በየት በኩል ነበር?» ብለው ነው። እንጨት ቤት ውስጥም እንደ በቀለው መቆም አለበት ይሉ ነበር፤ ሥሩ ወደ ታች፣ ጫፉ ወደ ላይ።

መሐል ሜዳ ከተማ ያስተማሩኝ ህንዳዊ መምህር ውላቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የትልቅ ሣጥናቸውን ሳንቃዎች ለጋሼ ሰጧቸው። እንጨቱ ቲክ ይባላል አሉ። በአገራቸው መርከብና የቤት ምሰሶ ይሠራበታል፤ በሰፊው ቅጠሉ ደግሞ ምግብ ይጠቀለልበታል።

«መርከብ የለመደ እንጨት መንዝ ምን ሊሠራ መጣ?» ብለው ጋሼ ሳቁ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

«ኧረ እኔ በምን አውቃለሁ!» አሉ መምህሩ።

ጋሼ ሁለታችን ለምንተኛበት ክፍል የመስኮት መዝጊያ ሊሠሩበት አስበው ነበር። ከቀበሌ ስብሰባ በተመለሱ ቁጥር የሥሩን በኩል ለመለየት ሳንቃዎቹን እያገላበጡ ጉጡን ያያሉ።

«ጋሼ፣ ዝም ብለው ይግጠሙት እንጂ፤ ብርዱ ሊገድለን ነው» እላቸዋለሁ።

«ቆይ አንተ ልጅ! ሰው አገር መምጣቱ ሳያንሰው ደግሞ ይዘቅዘቅ?»

ሥሩ የቱ እንደሆነ ሳይቆርጥላቸው ታመሙና ዐረፉ።

ከአርባቸው በኋላ መዝጊያውን እንደ ምንም ራሴ ሠርቼ ገጠምኩት። ብርዱ አሁን አይገባም። እኔ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር፣ ጋሼ ገብተው «ዝቅዝቅ ነው፣ ንቀለው!» እንዲሉኝ እጠብቃለሁ።