«ታናሽ እህቴ ናት»

ልብስ ሰፊዋ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ጠዋት ጠዋት፣ ልጇ ሳትነቃ፣ ፊቷን ታጥባ መስኮቱ አጠገብ ትቆምና የእጅ መስታወቷን ታነሣለች። የመስኮቱ ብርሃን ለማንም አያዳላም፤ የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል ግን ይሉኝታ ያጠቃዋል፣ ደህና አድርጎ ይዋሻል። ከዓይኗ ሥር ያለውን ቆዳ በሁለት ጣቶቿ ቆንጠጥ ታደርግና ትለቀዋለች። ጨርቅም የምትፈትነው እንዲሁ ነው፤ ጨብጠሽ ስትለቂው ከተመለሰ ጥሩ ነው፣ ተጨማዶ ከቀረ አትግዢው። የእሷ ቆዳ ይመለሳል፤ ግን እንዳኮረፈ ሰው እየተጎተተ ነው።

ለማንም ተናግራ አታውቅም። በዚህ ዕድሜ መስታወት ላይ መጣድ ያሳፍራታል።

የባሰው ማክሰኞ ዕለት መጣ። ልጇ፣ የሃያ ስድስት ዓመቷ፣ እናቷ ረስታው የወጣችውን ምሳ ይዛ ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆመች። በዚያው ሳምንት የተቀጠረው ጨርቅ ቆራጭ መቀሱን እንደያዘ፣

«ይቺ ቆንጆ ደግሞ ማናት?» አለ።

«ታናሽ እህቴ ናት።»

እንዴት እንዳመለጣት እንጃ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ ሰምታለች። የምሳ ዕቃውን ስፌት መኪናው ጎን አስቀመጠችና በትሕትና፣ «እትዬ፣ ምሳዎን ረስተው ነው» ብላ ወጣች።

በእነሱ ቤት «እማዬ» እና «አንቺ» እንጂ «እርስዎ» ተብሎ አያውቅም። እናት ከሥራ ስትመለስም ያው ነው፤ «እትዬ፣ ራት ይቅረብልዎት?»

ልብስ ሰፊዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። አምጣ የወለደቻትን ልጅ በአንድ ጭምድድ ቆዳ ለወጠቻት።

«ተይ እንጂ ልጄ፣ ቀልዴን እኮ ነው።»

«ልጄ? ኧረ ሰው ይሰማዎታል።»

በማግስቱ ስፌት ቤት እንደገባች፣ ገና ሳትቀመጥ፣ ቆራጩ ዘንድ ሄደች።

«የትናንትናዋ እህቴ አይደለችም። ልጄ ናት፤ ዋሽቼህ ነው።»

«አውቄያለሁ እኮ፣ እማማ» አለ ቀና ሳይል። «እህት እህቷን እንደዚያ በዓይኗ ትሸኛለች?»

ቁልፍ የምትተክለው ሴትዮ «እማማ!» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። የልብስ ሰፊዋ ፊት ነደደ። ደግ አደረጉኝ አለች በሆዷ።

ቤት ገብታ «እማማ» መባሏን ጭምር አንድ ሳታስቀር ለልጇ ነገረቻት፤ ቀና ብላ ማየት ግን አልቻለችም።

«ነገ ምሳ ይዘሽልኝ ነይ። ሁሉም ፊት ልጄ ልበልሽ።»

ልጅቷ ያጠበችውን ልብስ ስታጣጥፍ ቆየች።

«አልመጣም። ምሳሽን ራስሽ ያዢ። እኔ የማንም ማስረጃ አይደለሁም።»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን እንደደፋች ቀረች። ቁጣው ይገባታል፤ ይቅርም አላለቻትም። ግን «ምሳሽን» ነው ያለቻት።