ከሰሌዳው ጀርባ የተኛችው

ጋምቤላ ውስጥ ቀጥ ያለ ፊደል የፈለገ ሰው አሸብር ዘንድ ይሄዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሱቅ፣ የክሊኒክ፣ የመጸዳጃ ቤት ሰሌዳ ጽፏል፤ ክር ወጥሮ፣ በእርሳስ አስምሮ፣ አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ። ሥዕል ግን ለማንም አሳይቶ አያውቅም።

በመጋቢት ሙቀት ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? እሱና ሚስቱ ሺታዬም እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢ ውስጥ አጎበር ሰቅለው ነው የሚያድሩት። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው ዞር ብሎ አያት። ሙቀቱ አንሶላውን አስጥሏት፣ መዳፏን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ዕርቃኗን ተኝታለች። ተነሥቶ የተራረፈ የዘይት ቀለም ከፈተና ስስ ጣውላ ላይ ሣላት። ክር የለ፣ እርሳስ የለ። ገላዋን ሐምራዊ አደረገው፣ ጉልበቷን አረንጓዴ፤ ፊቷን በአንድ የብሩሽ ጭረት አለፈው፤ ሌሊቱን ሰማያዊ አድርጎ ላይዋ ላይ አፈሰሰው። ሲነጋ አፈረ። ማቃጠሉ ግን አሳሳው።

ከሳምንት በኋላ ለጀዊ የስደተኞች ካምፕ ሰሌዳ ሲታዘዝ አንድ ጣውላ ጎደለው። «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» የሚለውን በኑዌርኛና በአማርኛ በዚያው ሥዕሉ ባለበት ጣውላ ጀርባ ጻፈው። ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ነው የሚመታው፤ ከተመታ ወዲያ ጀርባውን ማን ያያል? ሥዕሉም አይጠፋ፣ እሱም አያፍር። ብልሃት መሰለው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የካምፑ አናጢ ኦባንግ ደወለ።

«አሼ፣ ቶሎ ና። ሰሌዳህ ከኋላ ሴት አለው።»

«ግድግዳ ላይ አልመታኸውም?»

«ግድግዳ የታለና? ውኃ መቅጃው ጋ ሁለት እንጨት ተክዬ አቆምኩት።»

አሸብር አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ይዞ በሞተር በረረ። ጽሑፉ ወደ መንገዱ፣ ሥዕሉ ጀሪካን ይዘው ወደተሰለፉት ሴቶች ዞሯል። ሴቶቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እዚያው ካምፑ ክሊኒክ ነርስ የሆነችው ሺታዬም ሳቁን ሰምታ ከባልደረባዋ ከሲስተር ኮከብ ጋር ወጥታለች።

«ኧረ ይቺን አተኛኘት የት ነው የማውቃት?» አለች ኮከብ። «ሺታ! አዳር ስንገባ እንዲህ ጆሮሽን ደፍነሽ አይደል የምትተኚው?»

«አሼ፣ ማን ናት?» አለ ኦባንግ።

«እኔ እንጃ። ጣውላውን አሮጌ ነው የገዛሁት» አለ አሸብር። «አላውቃትም።»

ሺታዬ መጀመሪያ እሱን አየችው። ከዚያ ሥዕሉን፤ ብዙ ቆየች።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ይሄም ባሌ ነው። እሱ ነው የሣለኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ሰሌዳው ላይ ጋረደችው።

«በል ቀባ። ታማሚ እየጠበቀኝ ነው።»

ከእግሯ ጀመረ። እሱ ስንዝር በቀባ ቁጥር እሷ ጋዋኑን ስንዝር ወደ ላይ ትስበዋለች። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ግንባሯ ላይ ሲደርስ ጋዋኗን አራግፋ ለበሰችና ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች።

ሰማያዊን አንድ እጅ ነጭ ቀለም ብቻውን አይሸፍነውም፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ገላዋ በነጩ ውስጥ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሁለተኛውን እጅ ለመቀባት ደግሞ የመጀመሪያው መድረቅ አለበት፤ በጀዊ ፀሐይም ቢሆን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሴቶቹ ቀድተው ሄዱ፣ ሌሎች ተተኩ፤ አሸብር ብሩሹን እንደያዘ እዚያው ቆመ።