በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኳት ካርድ

ልጄ ከእኔ ጋር ማውራት ያቆመችው አባቷን በቀበርን በሁለተኛው ወር ነው። ከስልኳ ጋር ግን ታወራለች። ማውራት ብቻ አይደለም፣ ትሟገታለች። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ትጀምራለች። "ኧረ ባክህ! እሱ ባንድማ ሩጫ ነው የያዘው!" ትላለች። ከስልኩ ውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ ይስቅና "ሩጫ? ወላሂ አንቺ ጆሮሽን ታዪ!" ይላል። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ አደምጣለሁ። ለእኔ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ያላት ቃል "አልራበኝም" ነው።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳት።

"ምንድን ነው ይሄ የምትሰሚው?"

"ዱም ይባላል፣ እማ። ሜታል ነው፤ ግን ቀስ ያለው፣ ከባዱ።"

"ምን ምን ይላል ታዲያ?"

"ቃሉ ብዙም አይለይም። ዝም ብለው ነው የሚጮኹት።" ጆሮዋ ላይ ያለውን ገመድ አስተካከለች። "ከዱም ውስጥ ደግሞ የቀብር ዱም የሚባል አለ። የእኔ እሱ ነው።"

የቀብር አለችኝ፤ እንደ ቀላል ነገር። ቢላዋዬን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

የምንኖረው ጅማ፣ ጊንጆ ውስጥ በኪራይ ነው። ከደቡብ ከባለቤቴ ጋር ስንመጣ ልጄ በጀርባዬ ነበረች። እሱ ከጅማ ወጣ ብላ የቡ በምትባል ከተማ፣ ቡና ማጠቢያ ውስጥ አድራቂ ነበር። እኔ እዚሁ ከተማ መጋዘን ውስጥ ቡና እለቅማለሁ፤ የተሰነጠቀውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን ከደህናው እለያለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። መጽሐፍ ቅዱሴንና መዝሙሬን አነባለሁ፣ ይበቃኛል። ስልክ ለእኔ መደወያ ነው። ልጄ እዚያ ውስጥ ገብታ ስትጠፋብኝ ግን፣ ውሃ ሙላት የወሰዳት ያህል ሆነብኝ፤ ከዳር ቆሜ አያታለሁ፣ እጄ አይደርስም።

ባለቤቴ የታመመው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ቀብሩ ላይ ልጄ አፏን ከፍታ ልትጮህ ስትል ክንዷን ጨምድጄ ያዝኩና በጆሮዋ "ዝም በይ፣ እኛ ተስፋ ያለን ሰዎች ነን፣ እንደማያምን ሰው አናለቅስም" አልኳት። ምእመናኑ እየዘመሩ ነበር። ዝም አለች። ታዘዘችኝ ብዬ ደስ አለኝ እንኳ።

ከዚያ በኋላ ነው ይሄ የመጣው። ቀብር፣ ቀብር፣ ቀብር። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ነው ያለችው። እኔ ሥራ ስሄድ ብቻዋን ናት። መጋዘን ተቀምጬ ቡናው ከፊቴ ይጠፋብኛል፤ ደህናውን ከመጥፎው ጋር እደባልቃለሁ፣ ተቆጣጣሪው ይጮህብኛል። የአይጥ መርዙን ሽንት ቤት ጣልኩት። የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትቼ ለጎረቤት ሰጠሁና ልብስ አጥር ላይ ማስጣት ጀመርኩ።

"ገመዱስ?" አለችኝ።

"ተበጠሰ።"

በመጨረሻ ለጸሎት ቡድናችን መሪ ነገርኳቸው። ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ብዙ ሰው በእጃቸው የዳነ ሴት ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "የሞት መንፈስ ነው፣ እህቴ። መግቢያው ያ ዘፈን ነው" አሉ። "ሐሙስ ከምሳ በኋላ እህቶችን ይዤ እመጣለሁ። ዘፈኑ ያለበትን ነገር አዘጋጂ፤ ከሰልም አያይዢ። በፊቷ ይቃጠላል።"

በእኛ ዘንድ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እናቴ ጌታን የተቀበለች ቀን የለቅሶ ከበሮዋን ከጓዳ አውጥተው ደጅ ላይ ሲያቃጥሉት ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ቆዳው ሲኮማተር፣ ሽታው። እናቴ እያጨበጨበች ትዘምር ነበር። እኔ ግን ፊቷን ነበር የማየው።

ሐሙስ ከሥራ ቀረሁ። ጠዋት ልጄ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ትታው ሄደች። ቦቴው ከመጣ ወረፋው ረጅም ነው። ዘፈኑ ያለው ትንሿ ካርድ ውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደምትወጣ ግን አላውቅም። ስልኩን በነጠላዬ ሸፍኜ በአወቱ መንደራ በኩል መንገድ ዳር ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ቤት ናት። አንድ ሃያ አምስት የሚሆነው ወጣት ኮፊያ አድርጎ፣ በማጉያ መነፅር ስልክ ውስጥ ገብቷል።

"ልጄ፣ እስቲ ከዚች ውስጥ ካርዷን አውጣልኝ።"

ስልኩን ተቀበለኝ፣ ገለባበጠው፣ ቀና ብሎ አየኝ።

"ወላሂ ይሄን መስታወት የቀየርኩት እኔ ነኝ!"

ድምፁ። የየጠዋቱ ድምፅ። ልጄን የሚሟገታት ሰው ዘንድ፣ የልጄን ስልክ ሰርቄ፣ በገዛ እጄ መጥቻለሁ።

"ማዘር፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ፊትዎ ልክ አይደለም" አለና በርጩማውን ገፋልኝ። "የእሷ እናት ነዎት አይደል? ካርዷ ምን ሆነች?"

መዋሸት አልቻልኩም። "ትቃጠላለች" አልኩት። "እህቶች ይመጣሉ።"

ይስቃል ወይም ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ መነፅሩን አወለቀና አሰበ።

"ሁሉም?" አለ። "ማል ጎና እንግዲህ፤ ምን እናደርጋለን፣ ልጅዎ ናት። ግን ሃርሜ፣ እናቴ፣ ካቃጠሉ ለይተው ያቃጥሉ። እዚህ ላይ አንድ የስላጅ ባንድ አለ፤ ጭቃ የሚመስል፣ ዝም ብሎ የሚያጓራ። እሱን ያቃጥሉልኝ፣ እኔ ራሴ ከሰሉን አራግባለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ስሙት ስሙት እያለች አሰቃይታናለች። ይሄን ግን..." ስልኩን እንደ ጫጩት በሁለት እጁ ያዘው። "ይሄኛው ሐራም ነው ማቃጠሉ።"

"እናንተ በምንድን ነው እንዲህ የምትጣሉት?"

"በፍጥነት። ማለቴ በዝግታ። የቱ ባንድ ሳይቸኩል ይጨርሳል ነው ነገሩ። ግሩፓችን ውስጥ ከሐዋሳም ከአዳማም ሰው አለ። አዲስ ሰው ሲመጣ 'በምን ልጀምር?' ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነው። እኔ ግሩፑን የከፈትኩት ሰውዬ ቁጭ ብያለሁ!" ሳቅ አለ። "አንድ ነገር ላሰማዎት?"

አሰማኝ። መጀመሪያ ደወል ነበረ፤ እሩቅ። ከዚያ አንድ ከበሮ መታ። ሁለተኛው እስኪመታ ተበላሸ ብዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ። መታ። ደግሞ ዝም። ከስር የእህል ወፍጮ የሚመስል ነገር ይጎተታል። የዘፋኙ ድምፅ ሲመጣ "በኢየሱስ ስም!" ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። ከበሮው ግን አልተወኝም። የትም ብሰማው የማውቀው ከበሮ ነው። በእኛ አገር ድሮ ለቀስተኛው ሬሳውን ዞሮ ዞሮ እግሩን ሲያነሳ እንዲህ ነበር የሚመታው፤ ማንም አይቸኩልም፣ የሚሄድበት የለውም።

"ለምን ይሄን እንደምትወድ ነግራችኋለች?" አልኩት።

የራሱን ስልክ አንስቶ ነካካና የልጄን ድምፅ ከፈተ። ለግሩፑ ባንድ ስትመርጥላቸው የላከችው ነው።

"...አባዬ የቡ ላይ ቡናውን ቀትር ሲሆን ይሸፍነው ነበር። ፀሐይ አለች ተብሎ ቡና አይቸኮልም፣ ቆዳው ይሰነጠቃል ይላል። ይሄ ባንድ ልክ እንደዛ ነው፣ ሸፍኖ ነው ያደረቀው። ያንተ ባንድ ግን ተሰንጥቋል፣ ስሙት መሃሉን..."

አባዬ አለች። ከቀብሩ ወዲህ ይሄ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ለማላውቃቸው ሰዎች ስትነግር ነው የሰማሁት።

ልጁ ካርዷን በመርፌ አወጣት፣ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። "ያሉኝን ማድረግ ሥራዬ ነው" አለ። "አባቷን አላህ ይርሐመው።" በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳትና ወጣሁ። መንገዱን በምን እንደጨረስኩት አላስታውስም። ላቃጥል ነው አላቃጥልም? ካላቃጠልኩና አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ከውስጥ ተዘግቶ ባገኘውስ? ባቃጠልኩና ያቺ ለሰው የምታወራው አንዲት ነገር ብትጠፋባትስ? ቤት ደርሼ ሳልወስን እጄ ለብቻው ከሰል አያያዘ።

ልጄ ከወረፋው የተመለሰችው ከምሳ ሰዓት በኋላ ነው፤ ጀሪካኗን ሳታስቀምጥ ስልኩን አየች።

"ካርዴ የታለ?"

"እኔ ጋ ነው።"

"ምን ልታደርጊው?" ከሰሉን አየችው። ገባት። ፊቷ ሲነጣ አየሁ። "እማ፣ እንዳትነኪው።"

"ሰምቼዋለሁ" አልኳት። "ስልክ ጠጋኙ አሰማኝ።"

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "የቱን?" አለች። እንደዚያ ተናዳ እንኳ የቱን!

"ደወል ያለውን።"

"ይሄ ሌባ! እሱ የሚወደውን ባንድ ነው ያሰማሽ! ስንት አሉ እዚያ ላይ፣ የራሱን!"

"ይቸኩላል" አልኳት፣ ከድምፅዋ የሰማሁትን ይዤ።

"ምን?"

"መሃሉ ላይ ይቸኩላል። አባትሽ ቢሆን ይሸፍነው ነበር።"

ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። ውሃው ወለሉ ላይ ሄደ። እዚያው ውሃው ላይ ተቀመጠችና ያን ቀን ክንዷን ይዤ የመለስኩት ጩኸት ወጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከልጅ ይወጣል አላልኩም። "አባዬ! አባዬ!" እያለች ደረቷን መታች። አልያዝኳትም። ልይዛት እጄ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ነበር።

እህቶች የደረሱት በዚህ መሃል ነው። ጩኸቱን ከበር ሰምተው መሪዋ "ይኸው፣ ሳንጀምር ጮኸ! ውጣ!" እያሉ ገቡ። በልጄና በእነሱ መካከል ቆምኩ።

"ጋኔን አይደለም" አልኳቸው። "አባቷን እያለቀሰች ነው።"

"ካርዱን አምጪ፣ እህቴ።" እጃቸውን ዘረጉ። ደግ እጅ ነው፤ እኔም ታምሜ ተጭኖልኛል። ጣቴ ወደ ቋጠሮው ሄደ። የእናቴ ፊት መጣብኝ፤ እያጨበጨበች።

"ለእኔ ይጸልዩልኝ" አልኳቸው። "እንዳታለቅስ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ካርዱን አልሰጥም።"

የዘረጉትን እጃቸውን ወደ ትከሻዬ አመጡትና ጸለዩ፤ ባጭሩ። ከእህቶች አንዷ፣ አምና ልጇን የቀበረችው፣ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ላይ ከልጄ ጎን ተቀመጠችና አብራ አለቀሰች። መሪዋ ሲወጡ ወደ ከሰሉ አይተው "አጥፊው እንግዲህ" አሉ። ቅር ብሏቸዋል። እስካሁንም ቅር እንዳላቸው ነው፤ በጸሎት ቀን ስገባ ቦታ የምታስፋልኝ ያቺ አብራ ያለቀሰችው ናት። ከሰሉን ግን አላጠፋሁትም፣ በቆሎ ጠበስኩበት። ልጄ አንዱን ሙሉ በላች።

ማግስቱን ጠዋት ድምፅ ስትልክ ሰማሁ። "አንተ ሌባ፣ እማዬም ቸኩሏል ብላሃለች!" መልሱ ወዲያው መጣ። "ወላሂ ተባብራችሁብኛል! ማዘር የስላጁን አቃጠሉልኝ?" ሳቀች። ሽንኩርቴን እየከተፍኩ እኔም ሳቅሁ። አሁንም ግን መጋዘን ሆኜ ደህናውን ከመጥፎው እደባልቃለሁ። አሁንም በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማደምጠው እስትንፋሷን ነው።

ባለፈው ሳምንት የታጠበ ልብስ ይዛ አጥሩ ጋ ቆመችና ወደ ጎረቤት ግቢ አየች።

"ያ ገመድ የእኛን ይመስላል፣ እማ።"

"ገመድ ሁሉ አንድ ነው" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ልብሱን አጥሩ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋችው፣ ሳትቸኩል። ነገ ገመዱን መልሱልኝ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ እላለሁ። ነገ ስል ይኸው ስንት ቀኔ።