ትንፋሽ ያላት ጣሳ

ትናንት የመታጠቢያ ቤቱን መደርደሪያ ሳጸዳ አንዲት የፀጉር ስፕሬይ ጣሳ እጄ ገባች። ከእኔ በፊት እዚህ ቤት የኖረችው ሴት ትታት የሄደች መሰለኝ። ነቅነቅ ሳደርጋት ከውስጧ ጥቂት ፈሳሽ ተንቦጫቦጨ። መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጭ አዙሬ ተጫንኳት። ሽሽሽ አለች። ያ ጣፋጭ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ከብርዱ ጋር ተመልሶ ፊቴን ሲመታኝ እጄን ከመስኮቱ ማንሳት አቃተኝ።

እዚህ ኖርዌይ ከደጃችን ለጠርሙስና ለቆርቆሮ ብቻ የተለየ ሳጥን ቆሟል። ጣሳዋ ባዶ ከሆነች እዚያ ትጣላለች፤ የቀራት ነገር ካለ ደግሞ ለብቻ የሚቀበሉበት ቦታ አለ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ይህን የተማርኩት ከእነሱ አይደለም። ከእህቴ ነው፣ ቡራዩ።

እህቴ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ወላጆቻችን ሆሳዕና ስለነበሩ ያሳደገችኝ እሷ ነች ማለት ይቻላል። ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ የብየዳ ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር፣ ከአከራያችን ግቢ ጫፍ ላይ የቆመች ኮንቴይነር ነበረች፤ እሷን ተከራይታ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፈተች። ቤቷ ጠዋት ትበርዳለች፣ ከሰዓት ትጋገራለች። ፀሐይዋ ስትበረታ የሻምፑው፣ የቅባቱና የሞቀ ፀጉር ሽታ ተቀላቅሎ ይከብዳል። ለእኔ የመልካም ሽታ ልክ እሱ ነበር። አሁንም ነው።

እህቴ በስፕሬይ ጣሳ አትቀልድም። ልትረጭ ስትል በሩን ወለል አድርጋ ትከፍታለች፣ ካውያ የምታሞቅበትን ቡታጋዝ ታጠፋለች፣ ከዚያ "ፊትሽን በፎጣ ሸፍኚ፣ ትንፋሽሽን ያዢ" ትላለች።

"ኧረ ልትገይኝ ነው እንዴ!" ትላለች ደንበኛዋ ከፎጣው ስር።

"አምረሽ ሙቺ።"

ጣሳዋ ስታልቅ ደጅ ይዛት ትወጣና የቀረውን ነፋስ ላይ ታስወጣዋለች። ቀጥላ እንደ ሐኪም ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ታዳምጣታለች። ዝም ካለች ብቻ ከበሩ ጀርባ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ ወደተሰቀለው ከረጢት ትገባለች፤ ቆራሌው ሲመጣ ከሌላው ብረታ ብረት ጋር ይወስዳታል። "ትንፋሽ ያላት አትቀበርም" እያለች ትስቅ ነበር። ጣሳዋ ላይ የተሳለችውን የእሳት ምልክት በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ ታሳየኛለች። "ይቺን ያየ ሰው ይጠነቀቃል።"

ነገሩ የደረሰበት እሑድ ጥር ውስጥ ነበር። እኔ ጸሎት ቤት ከልጆች ጋር እዘምር ስለነበር ገና ጎሕ ሲቀድ ቀስቅሳ ሹሩባ ትሠራኝ ጀመር። ወለሉ ላይ በጉልበቶቿ መካከል ተቀምጬ፣ ቅባት የነካው ጣቷ ራሴ ላይ ሲሮጥ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። የቀኙን ወገን እንደጨረሰች የመኪና ጥሩምባ ሰማን። ቀጠሮ የያዘችበት ፀጉር ቤት መብራት የጠፋባት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ደጃችን ቆማለች።

እህቴ በሰንበት አትሠራም። ሙሽራዋ ግን ታለቅስ ነበር፤ የተኳለችው ኩል ጉንጯ ላይ ወርዷል። እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

"ግማሹን እሷ ስትሄድ እጨርስልሻለሁ። እሺ?"

እሺ አልኳት።

የሙሽራዋ እናት ነጭ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከወንበሩ አጠገብ ቆሙ፤ ቁጭ በሉ ቢባሉ እንቢ አሉ። ዓይናቸው ከእህቴ እጅ አይነሳም።

"የወደቀውን ፀጉር አንዱን እንዳታስቀሪ፤ በፀጉሯ መተት ሊያሠራባት ልጄን ሰው ይጠብቃታል።"

"እማማ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ አይስጉ። ጌታ አለ።"

"ጌታማ አለ" አሉ። "ሰውም አለ።"

ሙሽራዋ ሳትቀር ሳቀች። እህቴ ፀጉሩን ወደ ላይ አንስታ ጠቀለለችው፣ በሩን ከፈተች፣ እሳቱን አጠፋች፣ ረጨች። ጣሳዋ መሐል ላይ አፏ ተደፈነና እንቢ አለች። ውስጧ ግን ገና ሙሉ ነበር። እህቴ ከወንበሩ እግር ስር አስቀምጣት "ይቺ ትቆየን" አለችኝና ሌላ አነሳች።

ቬሉን ስትሰካ የሙሽራዋ እናት መጥረጊያውን ራሳቸው አንስተው ከወንበሩ ስር ጠረጉ። ፀጉሩን፣ ጥጡን፣ ማበጠሪያውን ሳይቀር የልጃቸውን ራስ የነካ ነገር ሁሉ ካርቶን ውስጥ ከተው ወጡ። ጣሳዋ አብራ መግባቷን እኔም እህቴም አላየንም። ከኮንቴይነሩ ጀርባ አከራያችን ቅጠል የሚያቃጥሉበት ጉድጓድ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ነው። እህቴ የቬሉን መርፌዎች በከንፈሯ እንደያዘች ወለሉን አየች። የወንበሩን እግር አየች። መርፌዎቹን ተፍታ ሮጠች።

እኔ በሩ ላይ ስደርስ ሴትዮዋን በግራ እጇ ወደ ኋላ ገፍትራቸዋለች፤ በቀኟ ካርቶኑን ከጉድጓዱ ልትስብ ጎንበስ ብላለች። ድምፁ የጥይት አልነበረም። አንድ ሰው ትልቅ የብረት በር በንዴት የዘጋው ነው የሚመስለው። ከዚያ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለና ጠፋ።

የሙሽራዋ እናት ሳር ላይ ወድቀዋል፤ አንዳች አልሆኑም። መጀመሪያ የተናገሩት "ቀሚሴ!" ነው። ቀጥሎ ወደ መኪናው እየዞሩ፣ "አላልኳችሁም? ይጠብቋታል አላልኳችሁም?"

"ማሎ፣ ኢንተላ ኮ! ማሎ!" በኦሮምኛ “እባካችሁ፣ ልጄን!” እያሉ አከራያችን ውሃ በባልዲ ይዘው ደረሱ። እኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ነበር የምንላቸው፤ ቁጡ ናቸው እያልን እንፈራቸው ነበር። እህቴን እንደ ልጃቸው አቅፈው ባጃጅ ላይ ጫኗት። ወደ ጤና ጣቢያ ስንታጠፍ የሠርጉ መኪኖች ጥሩምባቸውን እያሰሙ በሌላው በኩል ሄዱ። ሙሽራዋ ዞር ብላ አይታን እንደሆነ አላውቅም። ብታየን ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

የእህቴ ነፍስ ተረፈች። የቀኝ እጇ ግን ቁስሉ ሲድን ሁለቱ ጣቶች ተያያዙ፣ የቀሩት አልታጠፍ አሉ። የማይታጠፍ ጣት ሹሩባ አይሠራም።

የሚያመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰፈር ውስጥ "ያቺ ቤት ነገር አለባት፤ ለሙሽራዋ የተደገሰው ነው እሷ ላይ የፈነዳ" ተባለ። ደንበኞቿ ከመንገዱ ማዶ ተሻግረው ማለፍ ጀመሩ። የእኛዎቹስ? የጸሎት ቤት እህቶች ብርቱካን ይዘው መጥተው አልጋዋን ከበቡ። አንደኛዋ እጇን ያዘችና፣ "እህቴ፣ ጌታ በሰንበት ቀን እንዲህ ሲናገርሽ ምን እያለሽ ይሆን?" አለቻት።

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያቺን ጥያቄ ይዤ ስንት ጊዜ ተንበርክኬያለሁ። ይቅር በይ ተብያለሁ፤ ይቅር ብያለሁ እላለሁም፣ በአፌ። አንዱ መተት አለ፣ ሌላው ቅጣት አለ። ትንፋሽ ያላት ጣሳ እሳት ውስጥ ገባች ያለ ሰው ግን አልነበረም። ምልክቷ ጀርባዋ ላይ ነበረ እኮ! ስለ ጣሳዋ ቢያወሩ ኖሮ ሌላዋ ፀጉር ሠሪ ትጠነቀቅ ነበር፣ ሌላዋ እናት ቆሻሻ ከማቃጠሏ በፊት ካርቶኑን ታይ ነበር። እህቴንም ማንም አይሸሻትም ነበር።

ኮንቴይነሯን ለቅቀን ስንወጣ ቆራሌው በግቢው በር እየጮኸ አለፈ። እህቴ ከበሩ ጀርባ ያለውን ከረጢት በአገጯ አሳየችኝ።

"ስጪው። ሁሉም ሞተዋል በይው።"

ስትስቅ ያየኋት መሰለኝ። አልሳቀችም።

የእኔን ግማሽ ሹሩባ የጨረሰልኝ የለም። ሳምንታት እንዲሁ በሻሽ ሸፍኜው ቆየሁ፤ ኋላ አንድ ቀን እሷ ስትተኛ ጓሮ ተቀምጬ ራሴ ፈታሁት።

የትናንቷን ጣሳ ሳጥኑ ውስጥ አልጣልኳትም። የሚቀበሏት ቦታ እስክወስዳት ከምድጃውም ከፀሐይም አርቄ አስቀመጥኳት። ከዚያ እንደ ወትሮው ቅዳሜ እህቴ በቪዲዮ ደወለች።

"ዞር በይ እስቲ፣ ከኋላ ልይሽ" አለችኝ።

ስልኩን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ዞርኩ።

"የፀጉርሽ መክፈያ መስመሯ ጠማለች።"

"ከኋላ አይታየኝማ፣ ምን ላድርግ?"

ዞሬ ሳይ ቀኝ እጇ ወደ ስልኳ ተዘርግቷል፤ የተያያዙት ሁለት ጣቶች ስክሪኑን ሞልተውታል፣ መስመሯን ሊያቀኑ። ማየቴን ስታውቅ ቀስ ብላ ነጠላዋ ስር መለሰችው።

"ግድ የለም" አለች። "ያምርብሻል።"